ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ኮከብ

ጋሼ ጆሮ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የጆሮ ማዳመጫቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው፣ እንባቸው በሸበተው ጢማቸው ላይ ሲንከባለል አየሁና መርዶ የመጣባቸው መስሎኝ ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ።

«ጋሼ! ምን ሆኑ? ቤት ደህና አይደሉም?»

ወንበራቸውን ቀስ አድርገው አዞሩና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ለእኔ ጀርባውን ከሰጠ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ የሆነ ነገር ሰምቷል ማለት ነው።

ጣቢያችን ከከተማው ወጣ ብሎ ገላጣ ሜዳ ላይ የቆመ አንድ ግዙፍ ዲሽና ከሥሩ ያሉ አምስት ክፍሎች ናቸው። ሥራችን ማዳመጥ ነው። በጋላክሲያችን ካሉት ከዋክብት ለእኛ ቅርብ የሆኑትን አራት መቶውን በዝርዝር ይዘን፣ ዲሹን በየተራ ወደ እያንዳንዳቸው እያዞርን፣ ከእኛ ሌላ የሚያስብ ፍጡር የላከው የሬዲዮ ምልክት ይኖር እንደሆነ እንቀዳለን፤ የተቀዳውንም በማግስቱ እንመረምራለን። ሌሎቻችን ቅጂውን በኮምፒውተር ላይ እንደ ሥዕል ስናየው፣ ጋሼ ጆሮ ወደ ድምፅ አስለውጠው ይሰሙታል። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው። «ዓይኔ ቶሎ ይሰለቻል፤ ጆሮዬ ግን እኔ ባንቀላፋም ሥራውን አያቆምም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ወንበር ተቀምጠው ከባዶ ጫጫታ በቀር የሰሙት የለም። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀራቸውም ነበር።

ለዓመታት ባዶ ጫጫታ የሚያዳምጥ ሰው ወይ ያንቀላፋል፣ ወይ የሚመኘውን መስማት ይጀምራል። ከሁለቱም ለመዳን ጣቢያው «ስውር ፈተና» የሚባል አሠራር ነበረው። በየሦስት ወሩ፣ በተወሰኑ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ አንድ የሐሰት ምልክት ከእውነተኛው ቅጂ ጋር ተቀላቅሎ እንዲገባ ይደረጋል። በየትኛው ኮከብ ቅጂ ላይ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገባ የሚገልጸው ወረቀት ቀድሞ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥና ጊዜው ሲያልፍ በሁሉም ፊት ይከፈታል። ይህን የምታዘጋጀው ፖስታ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። ጠባቂዋ እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይጠይቀኝም። ምልክት ያገኘ ሰው ደግሞ መልሱን ከፊቴ ላይ እንዳያነብ ጀርባውን ይሰጠኛል። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም፤ ከተጻፉት ሁሉ የበለጠ ግን ይከበር ነበር።

ከእኔና ከኃላፊዋ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ጠባቂዋም ራሷ ኮከቡን አታውቀውም። ኮከቡንና ቀኑን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ነው። ወረቀቱ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ታትሞ ይወጣል፣ እኔም ሳላነበው አጥፌ አሽገዋለሁ። የማውቀው ሁለቱ ሳምንታት መቼ እንደሚጀምሩ ብቻ ነው። የዚያ ዙር ሳምንታት የጀመሩት በዋዜማው፣ ሰኞ ነበር። ጋሼ ጆሮ ያለቀሱበትም የሰኞው ቅጂ ነው።

ዲሹን የሚያዞረው መካኒክ፣ እጁ ከግሪስ ስለማይጠራ «ቅባት» የምንለው፣ ሻዩን እንደ ያዘ ገባና የወንበሩን አቅጣጫ ሲያይ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እንዴ! ጋሼ ዞረዋል እንዴ?» ወደ እኔ አንገቱን አሰገገ። «አንቺ፣ እስቲ አንዴ ፈገግ በዪልኝ።»

«ሂድ ሥራህን ሥራ።»

«ይኸው ተቆጣች! በቃ የእሷ ነው!»

«ልጅቷን ተዋት» አሉ ጋሼ ጆሮ ሳይዞሩ። «ይልቅ ነገ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ዲሹን ወደ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት አዙርልኝ።»

«ሰባት ከአሥራ ሁለት? ምሳዬንስ? ደግሞ ትናንት ያዞርኩት ሰባት ከሃያ ላይ አልነበር?»

«ኮከብ በየቀኑ አራት ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚመጣው። ላንተ ምሳ ብሎ አይቆምም።»

በደንባችን መሠረት ምልክት ያገኘ ሰው መጀመሪያ ብቻውን ያጣራል። ከሳተላይት፣ ከአውሮፕላን፣ ከዘበኛው ስልክ የመጣ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ሦስት ቀን ያንኑ ኮከብ ደግሞ የማዳመጥ መብት አለው። ስብሰባ ፊት የሚያቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰማ ነገር እንደ ግኝት አይቆጠርም፤ መደገም አለበት። ለጋሼ ጆሮ ደግሞ ጊዜው ጠባብ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ኮከብ ቀን በቀን ወደ ፀሐይ አቅጣጫ እየተጠጋ ነበርና ከአሥር ቀን በኋላ በፀሐይ የሬዲዮ ጫጫታ ይዋጣል። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ በምድር ላይ ያለ የትኛውም ጣቢያ ሊሰማው አይችልም።

ጋሼ ጆሮ ዘበኛውን ስለ ስልኩ ሊጠይቁ ሲወጡ ቅጂውን ከፍቼ አዳመጥኩት። ከጫጫታው ሥር እንደ ክር የቀጠነ ፉጨት ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ተቋረጠ፣ አሥራ አንድ ጊዜም ቀጠለ፤ እያንዳንዱም ዕረፍት ከቀደመው በእኩል ልክ ይረዝም ነበር። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ አታወጣም፤ እንዲህ ቆጥራም አታርፍም። የክንዴ ፀጉር ቆመ።

እውነቱን ለመናገር፣ ወደዚያ ጣቢያ የገባሁት ይህን ድምፅ ፍለጋ ነበር። በዚህ ሁሉ ከዋክብት መካከል ሌላ የሚያስብ አንድ ፍጡር እንኳ ካለ፣ የሰው ልጅ እርስ በርሱ የሚተያይበት ዓይን ይለወጣል ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ወዲያው ፖስታው ትዝ አለኝ፤ የቆመው ፀጉሬም ተመልሶ ተኛ።

በስድስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። የጋሼ ጆሮ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይደውሉና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ በመሆኑ ሳልፈልግም እሰማለሁ።

«እህ፣ ደወሉ? ወይስ ዛሬም ረስተውሃል?»

የከዋክብቱን ሰዎች ማለታቸው ነው፤ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ቀልዳቸው ነበር። የጋሼ ጆሮም መልስ ሁልጊዜ «መስመሩ ተይዞ ይሆናል» የሚል ነው። ያን ቀን ግን ቀፎውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ደወሉ» አሉ።

በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ የብረት ነገር ወለል ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ መቀሳቸው መሰለኝ። ከዚያም እትዬ፣ እኚያ ቀልደኛ ሴት፣ ጮክ ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ አሰላሁት። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት አንድም ጊዜ አልተሰማም። የሐሰት ምልክት ግን በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንደሚገባ በእርግጠኝነት አውቃለሁ። ታዲያ ጋሼ ጆሮ የሰሙት እውነተኛ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? በትምህርት ዘመኔ ሁሉ አንደኛ የወጣሁ ልጅ ነኝ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ መልሱ ያው ነበር። እኚህ ሰው የመጨረሻ ቀናቸውን በእኔ ውሸት ላይ ሊጨርሱት ነው። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ፊት፣ በመሸኛ ቀናቸው፣ ፖስታው ሲከፈት ዓይናቸው ምን ሊመስል ነው? እትዬስ ምን ሊሉ ነው? እውነት ማንንም ጎድታ አታውቅም፣ የምትጎዳው ስትዘገይ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። እሳቸው ግን ቀድመውኝ ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የከዋክብቱን ዝርዝር ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ አይዙሩ። እንዲሁ ይስሙኝ።»

«ልጄ፣ እንዳትናገሪ።» እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ አንሥተው አወዛወዙ። «ፈተናም ከሆነ ፖስታው በጊዜው ይናገራል። አንቺ ዝም በዪ፤ እኔ ሥራዬን ልሥራ።»

«አልቻልኩም። የሰሙት የእኔ ነው።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«የሁለት መቶ አሥራ ሰባቱ ምልክት። የፖስታው ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ወንበሩ ቀስ ብሎ ዞረ። ከትናንት ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያየን። ዓይናቸው ፊቴን ከላይ እስከ ታች ፈተሸው፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ላለማየት የተጠነቀቁትን ፊት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ኮከቡን እኔም አላውቀውም፤ ገምቼ ነው።» አላልኩትም። ያሰላሁት ነገርና የማውቀው ነገር በእኔ ዘንድ አንድ ነበሩ።

ጋሼ ጆሮ የጆሮ ማዳመጫቸውን አወለቁ። ገመዱን እንደ ልማዳቸው በጥንቃቄ ጠቀለሉትና መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉት። ከዚያ ቀን በኋላ መሳቢያውን ሲከፍቱት አላየሁም።

«ይኸውልሽ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ ምንም አልነገርሽኝም፤ እኔም ምንም አልሰማሁም። ይህ ከታወቀ ያባርሩሻል። ገና ልጅ ነሽ።» ከዚያም ስልኩን አንሥተው ለቅባት ደወሉ። «ዲሹን ተወው። ሦስቱንም ቀን ለሌሎች ስጥ።»

«ምነው ጋሼ? አሁን እኮ ማርሹን ሁሉ ግሪስ አጠጥቼ ነው የጨረስኩት!»

«ተወው አልኩህ።»

በስድስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። የእትዬ ድምፅ እንደ ልጃገረድ ድምፅ ነበር። «ደግመው ደወሉ?»

«ገና ነው» አሉ ጋሼ ጆሮ፣ እኔን ላለማየት መስኮቱን እያዩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «ገና ነው» ነበር።

ፖስታው የተከፈተው በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ፣ የጋሼ ጆሮ የመሸኛ ቀን ከስድስት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ለስላሳና ብስኩት ተደርድሯል፤ ቅባት እንኳ እጁን ታጥቦ መጥቷል። ኃላፊዋ፣ ጋሼ ጆሮ ያሠለጠኗትና አለቃ ከሆነች በኋላም «አንቺ» እንዲሏት የምትፈልግ ሴት፣ ካዝናውን ከፍታ ፖስታውን አወጣች። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆሜያለሁ። የተዘጋጀሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት የሚለው ቁጥር ሲነበብ የጋሼን ፊት ላለማየት።

«ኮከብ ቁጥር ስድሳ አራት» ብላ አነበበች ኃላፊዋ። «በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ።»

የሰማሁትን ጆሮዬ አልተቀበለውም።

«ስንት?»

«ስድሳ አራት። ማን አገኘው?»

ማንም አላገኘውም። ኃላፊዋ የዚያን ሐሙስ ቅጂ በትልቁ ኮምፒውተር ላይ ከፈተች። እዚያው ነበር፤ የሐሰት ምልክቴ፣ በተባለለት ኮከብ ላይ፣ በተባለለት ሰዓት፣ እንደ ነጭ ጭረት ቁልጭ ብሎ። ስምንታችንም ሳናየው አልፈነዋል።

«ወይ ጉድ! ተዋረድን በቃ!» ቅባት ጭኑን መትቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ? ጆሮዎ ቀድሞዎት ጡረታ ወጣ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ጆሮ አልሳቁም። ለስላሳቸውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ቀርተው ነበር። ብርጭቆውን ሳይጠጡ ቀስ ብለው አወረዱትና እኔን ተመለከቱኝ። በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያየሁት እኔም በዚያች ቅጽበት የገባኝን ነገር ነው። እኔ ረቡዕ ጠዋት «የእኔ ነው» ስላቸው የእኔ ምልክት ገና አልገባም ነበር። ሊገባ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ሲገባ ደግሞ ሊሰማው የሚችለው ብቸኛ ሰው ማዳመጫውን መሳቢያ ውስጥ ዘግቶበት ነበር፤ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ ሰኞ የተሰማው የማን ነበር?

ኃላፊዋ መዝገቡን እያገላበጠች ነበርና ጣቷ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። «ቆይ... ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ሰኞ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ‹ቀጭን ምልክት፣ አሥራ አንድ መቋረጥ፣ ከሳተላይትም ከስልክም አይደለም።› የጋሼ ጽሕፈት ነው። ከዚያ ‹አልተከታተልኩትም› ይላል።» ቀና አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ በቀስ ረገፈ። «ጋሼ፣ ይህ ፈተናው አይደለም።»

«አይደለም» አሉ።

«ሦስት ቀን መብት ነበረዎት። ለምን ለቀቁት?»

«ደክሞኝ ነበር።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልደከመዎት ያን ቀን ደከመዎት?»

«ሰው አይደለሁ? ደከመኝ።»

ብስኩት የሚያኝክ አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ። እኚህ ሰው፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የመጣውን ነገር ስለ ድካም ለቀቁት ተብለው ሊሸኙ ነው። በመዝገብም እንዲሁ ሊጻፍ ነው። ከግድግዳው ተላቅቄ ወደ መሀል ወጣሁ።

«አልደከማቸውም። እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው። ፈተናው ነው ብዬ ነገርኳቸው። አላውቅም ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ አልኳቸው።»

«አንቺ?» አለች ኃላፊዋ። ከንፈሯ ሲገረጣ አየሁት። «አንቺ?»

«ዝም በዪ ብዬሽ አልነበር!» ጋሼ ጆሮ በእግራቸው ቆሙ። «ልጅቷን ተዉአት። አዝናልኝ ነው።»

ቅባት መሀል ገባ። «ቆይ እሺ፣ እሱ በኋላ ይሁን። ዲሹ አለ፣ ሰዎች አለን! አሁኑኑ ላዙረው! ኮከቡ የት ነው ያለው?»

ኃላፊዋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ነበር። ሁላችንም በየአእምሯችን ቆጠርን፤ በቀን አራት ደቂቃ፣ አሥራ ስምንት ቀን፣ ከሰባት ከሃያ ወደ ኋላ። እሷ ግን ምንም ሳትናገር በሩን ከፍታ ወጣች፤ ተከተልናት። ግቢው መሀል ቆማ እጇን ወደ ላይ ቀሰረች። ወደዚያ ቀና ያልነው ሁሉ ወዲያው ዓይናችንን ጨፈንን።

ኮከቡ ፀሐይ ጋ ነበር። ልክ ከአናታችን በላይ፣ ልክ በዚያች ደቂቃ፣ ቀና ብሎ ማየት ከማይቻልበት ብርሃን ውስጥ ያልፍ ነበር። ቅባት ኮፍያውን አውልቆ ለጋሼ ጆሮ ጥላ ያዘላቸው። ስምንት ሰዎች፣ አንድ ግዙፍ ዲሽና ለስላሳ የያዙ ብርጭቆዎች። ግቢው የሽኝት ድግስ መሆኑ ቀርቶ ለቀስተኛ የሞላበት መሰለ።

በዚያው ሳምንት ፖስታውን ለሌላ ሰው አስረከብኩ። ኃላፊዋ አላባረረችኝም። «ከዚህ የከፋ ቅጣት ላንቺ አላውቅም» አለችኝ፤ «ተቀመጪና ጠብቂው።» ጠበቅኩት። ኮከቡ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ፣ የጋሼን ወንበር ወርሼ፣ አዳመጥኩ። በሌሎች አገሮች ያሉ ጣቢያዎችም አዳመጡ። ሁላችንም የሰማነው ያው የተለመደ ባዶ ጫጫታ ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው «አንድ ጊዜ ተሰማ፤ አልተደገመም» የሚል ነው። በሳይንስ ቋንቋ ይህ ምንም ማለት አይደለም። በጋላክሲያችን ውስጥ ሌላ የሚያስብ ፍጡር ይኑር አይኑር የሚለው ጥያቄም ከነበረበት አልተነቃነቀም። በድጋሚ ቢሰማ ኖሮስ? በእነዚያ ሦስት ቀናት፣ ረቡዕ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ፣ ዲሹ ዞሮ ቢሆን ኖሮስ? ይህን ማስላት አልችልም። ስሌት ያቃተኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ምልክቱ ከተሰማ ልክ ሰባት ሳምንት በሞላው ሰኞ ጠዋት ወደ ጋሼ ጆሮ ቤት ሄድኩ። ቅባት ከመሳቢያው ያወጣውን የጆሮ ማዳመጫ አድርሺልኝ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። ጋሼ ለባለቤታቸው ምንም እንዳልነገሯቸው አውቅ ነበርና እትዬ እውነቱን ከእኔ አፍ መስማት አለባቸው ብዬ ወስኜ ነበር።

በሩን ገፋ ሳደርግ የስፌት መኪናው እየጮኸ ነው። እትዬ ክር በአፋቸው ይዘው ፔዳሉን ይረግጣሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛ ጨርቅ ቁልል ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«አንቺ ነሽ እንዴ? እሱ ጓሮ ነው፤ ግቢ። ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ቆሜ ነገርኳቸው። ፖስታውን፣ ስሌቱን፣ «እርግጠኛ ነኝ» ያልኩትን፣ ፀሐይዋን፣ ሁሉንም። መኪናው እያዘገመ ሄዶ ቆመ። እትዬ ክሩን ከአፋቸው አወጡት።

«ታዲያ ደውለው እኛ አላነሣንም ማለት ነው?»

ዓይናቸው ፈጦ ቀረ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የቀለዱበት ነገር ከነክብደቱ ሲወርድባቸው አየሁ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ኋላ ተደገፉ። ደንበኛው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል።

«ማነው የደወለው?» አለ። «የሞተ ሰው አለ?»

«ዝም በል አንተ» አሉት። ከዚያም በድንገት የግድግዳውን ሰዓት አዩ። እኔም አየሁት፤ አራት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነበር። እትዬ ተነሥተው የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጥብቅ አድርገው ዘጉት፣ የጎረቤት ሬዲዮ የሚሰማበትን መስኮት ገጠሙት፣ ወደ ጓሮ የሚያወጣውን በር ግን በሰፊው ከፈቱት።

ጋሼ ጆሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። በእጃቸው መሣሪያ የለም፣ ሽቦ የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀኝ ጆሯቸውን ጥቂት ወደ ሰማይ ዘንበል አድርገው፣ ትንፋሻቸውን እንደ ያዘ ሰው ጸጥ ብለዋል።

«ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ነው» አሉ እትዬ በሹክሹክታ። «አልነገረኝም። እኔ ግን የሰው ወገብ ስለካ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በየቀኑ አራት አራት ደቂቃ እየቀደመ እንደሚወጣ ለካሁት። ትናንት አራት ሰዓት ከስምንት ነበር። ሲቀመጥ መኪናውን አቆምለታለሁ። ምን እንደሚጠብቅ ባላውቅም፣ ጫጫታ እንደማይፈልግ አውቅ ነበር።»

አንደኛ ሆኜ የተመረቅሁበት ትምህርት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። የሬዲዮ ሞገድ ድምፅ አይደለም፤ በሰው ጆሮ አይሰማም፤ ያለ ዲሽ እዚያ ተቀምጦ መጠበቅ ምንም ፋይዳ የለውም። ሁሉንም በእርግጠኝነት አውቀዋለሁ። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እኔ ሱሪዬን እፈልጋለሁ» አለ ደንበኛው፣ እሱም ሳያስበው በሹክሹክታ። «መቼ ልምጣ?»

«ነገ ጠዋት ና» አሉት እትዬ፣ ከጓሮው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ልክ አራት ሰዓት ላይ ብቻ እንዳትመጣ።»

ሰዓቱ አራት ከአራት ሆነ። ዝም አልኩ።